ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ሠራተኞች

ከጎንደር ፒያሳ የሚያልፍ ሰው የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልት ሳያይ አያልፍም። በዙሪያው ከማለዳ ጀምሮ ሠርቶ አዳሪው ይመላለሳል፤ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ሸክም የሚያነሣው፣ ከወገራና ከደምቢያ እህል ይዞ የመጣው ገበሬ። የንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጦርነትና በመቅደላ ነው። ነገር ግን በሕይወታቸው ውስጥ ሌላም ጥያቄ አለ። በላቡ የሚያድር ሰው የድካሙን ዋጋ የሚያስጠብቅለት ማን ነው?

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ከቋራ መኳንንት ወገን ቢሆኑም በልጅነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወደቁ። ልጃቸውን ኮሶ እየሸጡ ያሳደጉ ናቸው እየተባለ በኋላ በጠላቶቻቸው ዘንድ መሰደቢያ ሆነ። በዚያ ዘመን ሠርቶ መብላት ለስድብ ይበቃ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ሁሉ የሚጠሩበት የንቀት ስም ነበራቸው። የሠሩትን የሚለብሰውና የሚበላበት ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ ይጸየፍ ነበር።

ካሣ በቋራ በሸፈቱበት ጊዜ ከያዙት ሀብት ለገበሬው እያካፈሉ መቆፈሪያ እንዲገዛበት ያደርጉ እንደነበር፣ ራሳቸውም ከተከታዮቻቸው ጋር እርሻ እንዳረሱ በዜና መዋዕላቸው ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ጉር አምባ ላይ፣ ጎርጎራ ላይና አይሻል ላይ ተዋግተው አሸነፉ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደግሞ በስሜን ደጋ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ፤ ሥራውንም የመራው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነበር። ውቤ ይነግሡበት ዘንድ ባሠሩት ቤተ መቅደስ ዘውዱን የደፉት ሌላ ሰው ሆኑ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘውድ እንደ ደፉ ያወጁት አዋጅ ስለ ሥራ ነበር። ገበሬ ወደ እርሻው፣ ነጋዴ ወደ ንግዱ፣ እያንዳንዱም ወደ አባቱ ሙያ እንዲመለስ አዘዙ። ወታደሩ የገበሬውን ጎተራ እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ እየተቆረጠለት እንዲያድር ሞከሩ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር አወጁ። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ካህናትና ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ብቻ ቀርቶለት የተረፈው ለሚገብረው አራሽ እንዲሰጥ ፈለጉ። መንገድ ሲሠራ ከፊት ሆነው ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኳንንት ሁሉ መሸከም ግድ ሆነበት።

የሥራ ፍቅራቸው ከሁሉ በላይ የታየው በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ወደ አገሪቱ ገብተው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ዋልድማየር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት አስፍረዋቸው ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ጨመሩላቸው። የአገሬው ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ ከእነርሱ ጋር ተመደቡ። በዚያ ብረት ይቀለጣል፣ ሠረገላ ይሠራል፣ የመንገድ ሥራ ይታቀዳል።

ወንጌላውያኑ መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩም ንጉሠ ነገሥቱ እምቢታቸውን አልተቀበሉም። ከብዙ ድካምና ከከሸፈ ሙከራ በኋላ ሥራው ሲሳካ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ለሠራተኞቹ ገንዘብ፣ የክብር ልብስና የተሸለመ በቅሎ ሰጡ። ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር ብረት አቅላጭ ከመኳንንት እኩል ተከበረ። ጎበዝ ሠራተኛ ሙያው ብቻውን ያስከብረዋል፣ ማኅበርም ሆነ ሌላ ደጋፊ አያስፈልገውም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሠራተኞቹ አንዱን በሠሩ ቁጥር የሚቀጥለው ትእዛዝ እየከበደ ሄደ። ትንሹ መድፍ ከተሳካ ትልቅ ይሠራ ተባለ፤ በመጨረሻም ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ቀለጠ። ይህን መሥራት የሚችል ሰው ልሂድ ቢል የሚያሰናብተው አልነበረም። የዋጋው ልክ፣ የሥራው ጊዜ፣ የመሄድና የመቅረት ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው ቆንስላውንና ሌሎችን ሲያስሩ የጋፋት ሰዎችም መታመናቸው ቀረ። በ1859 ዓ.ም. ከጋፋት ተነሥተው በጥበቃ ሥር ዋሉ። ከእንግሊዝ አገር የተጠየቁ ሌሎች ባለሙያዎችም ምጽዋ ድረስ መጥተው እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የገበሬው ዕጣ ከዚህ የከፋ ሆነ። ዐመፅ በየአቅጣጫው ሲነሣና ግብር ሲቋረጥ የወታደሩ ደመወዝ ከየት ይምጣ? ዝርፊያ ይቅር ያሉት ንጉሥ ሠራዊታቸውን በገበሬው ጎተራ መመገብ ጀመሩ። የደምቢያና የበጌምድር አራሽ እህሉን ቀበረ፣ ሸሸ፣ በመጨረሻም ተነሣባቸው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በመጀመሪያው ዓመት የወጣውን አዋጅ ይዞ፣ ጃንሆይ ቃልዎን ያስታውሱ ብሎ በገበሬውና በሠራተኛው ስም የሚቆም አንድም አካል አልነበረም። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ብቻውን ይቀርባል፤ ብቻውን የቀረበም ብቻውን ይቀጣል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየቆፈሩ መንገድ እያወጡ ስድስት ወር ያህል ደከሙ። ንጉሠ ነገሥቱም አብረው ቆፈሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ለጠላት እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከጦሩ ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የጎተቱትን ሰዎች ስም ግን የመዘገበላቸው የለም።

በዚያው ዓመት፣ ከመቅደላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ 34 መልእክተኞች ተሰበሰቡ። ከመቶ ሺህ በላይ አባላት ያሏቸውን የሠራተኛ ማኅበራት ወክለው የመጡ ነበሩ፤ የአገሪቱም የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ በዚያ ተመሠረተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማኅበራቱ በሕግ ታወቁ። እነዚያ ሰዎች ከጋፋት ባለሙያዎች ይበልጥ የሚተጉ አልነበሩም። ልዩነቱ ደመወዝና የሥራ ሰዓትን በተመለከተ አሠሪያቸውን በአንድ ድምፅ የሚያናግሩበት አካል ማበጀታቸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በ1939 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኞች በድሬዳዋ ማኅበር አቋቋሙ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር የመመሥረት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ማኅበር ሰነፉን ከትጉሁ እኩል ያደርጋል የሚል ወቀሳ ዛሬም ይሰማል። መሪዎቹ አባላቱን የረሱበት ማኅበርም አይጠፋም። የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሚያሳየው ግን የዚህን ሌላ ገጽ ነው። በጋፋት ሸክሙ የከበደው በሰነፉ ላይ አልነበረም። ምንም የማይችል ሰው አይፈለግም፤ መድፍ ማቅለጥ የሚችለው ግን ሽልማቱንም ሰንሰለቱንም በችሎታው አተረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሥራን ከማንም በላይ ወደዱ፤ ሠራተኛው ግን የተሰጠውን ክብር የራሱ የሚያደርግበት ኃይል አላገኘም። ስለዚህ የሰጠችው እጅ መልሳ ወሰደችው።

ፒያሳ ላይ ዛሬም ሠርቶ አዳሪው በሐውልቱ ዙሪያ ይመላለሳል። የዕለት ዋጋውን ከአሠሪው ጋር የሚነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው።