ዊልያም ሄርሼልና የአርባ ጫማው መስተዋት

በፊዚክስ ክፍል ስለ ጐድጓዳ መስተዋት የተማርን ሁሉ አንድ ነገር እናስታውሳለን። የሻማን ብርሃን በመስተዋቱ ተቀብለን በነጭ ወረቀት ላይ ስናሳርፈው፣ መስተዋቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ የነበልባሉ መልክ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ካዘነበለ ግን መልኩ ይረዝማል፣ ይደበዝዛልም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የሙዚቃ መምህር ከዚህች ትንሽ ከምትመስል ችግር ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል ኖረ። ትግሉም የሰው ልጅ ስለ ሰማይ የነበረውን ዕውቀት እጅግ አሰፋው። የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያም ሄርሼል በኖቬምበር 15 ቀን 1738 በጀርመን አገር በሃኖቨር ከተማ ተወለደ። አባቱ በሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚባለውን መሣሪያ የሚነፋ ሰው ስለ ነበር ልጁም በ14 ዓመቱ በዚያው ጓድ ገባ። በ1757 ጦርነት በአገሩ ላይ በተነሣ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በዚያም ኖታ እየገለበጠና ሙዚቃ እያስተማረ ከኖረ በኋላ በ1766 በባዝ ከተማ የአንድ ቤተ ጸሎት ኦርጋን መቺ ሆነ። በ1772 ታናሽ እኅቱን ካሮላይንን ከሃኖቨር አምጥቶ ከእርሱ ጋር አኖራት።

ሄርሼል ስለ ድምፅ ሕግ ለማወቅ ሲል ሒሳብ ማጥናት ጀመረ፤ ከሒሳብም ወደ ብርሃን ትምህርት፣ ከዚያም ወደ ከዋክብት ጥናት ተሳበ። ሰማዩን በገዛ ዐይኑ ለማየት ፈለገ፤ ነገር ግን የትልቅ ቴሌስኮፕ ዋጋ ከኪሱ በላይ ሆነበት። ስለዚህ በ1773 የመስተዋት መሞረጃ መሣሪያ ከአንድ የባዝ ነዋሪ ገዛና ራሱ መሥራት ጀመረ።

በዚያን ዘመን የቴሌስኮፕ መስተዋት የሚሠራው እንደ ዛሬው ከብርጭቆ ሳይሆን መዳብና ቆርቆሮ በአንድነት ቀልጠው ከሚሰጡት ነጭ ብረት ነበር። ይህን ብረት በቅርጽ አፍስሶ፣ በሻካራ ዱቄት ሞርዶ፣ በመጨረሻም በዝፍት ላይ ሲወለውሉት መዋል ያስፈልጋል። የመጨረሻው ውልወላ ከተጀመረ እጅን ማንሣት መስተዋቱን ያበላሻል። ስለዚህ ሄርሼል እስከ 16 ሰዓት ድረስ ሳያቋርጥ ሲወለውል፣ ካሮላይን ምግቡን እያጐረሰችው መጽሐፍም ታነብለት ነበር። በማርች ወር 1774 በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ በኦርዮን ከዋክብት መካከል እንደ ጉም የሚታየውን የብርሃን ደመና ተመለከተ።

በማርች 13 ቀን 1781 በቤቱ አትክልት ቦታ ሆኖ፣ 7 ጫማ ርዝመት ባለው ቴሌስኮፕ ከዋክብትን ሲመረምር ከሌሎቹ ሰፋ ብሎ የሚታይ አንድ አካል አገኘ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መሰለው። በኋላ ግን ከሳተርን ርቆ ፀሐይን የሚዞር አዲስ ፕላኔት መሆኑ ታወቀ፤ እርሱም ኡራኑስ የተባለው ነው። በቴሌስኮፕ አማካይነት የተገኘ የመጀመሪያው ፕላኔት ይህ ነበር። ንጉሡ ጆርጅ ሣልሳዊም በ1782 በዓመት 200 ፓውንድ ቈረጡለት። ገንዘቡ ከሙዚቃ ያገኘው ከነበረው ያነሰ ቢሆንም፣ ሄርሼል ማስተማሩን ትቶ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ስለ መስተዋት አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኒውተን አሠራር የኮከቡ ብርሃን በቱቦው ግርጌ በተቀመጠው ትልቅ መስተዋት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ተመልሶ በቱቦው አፍ አጠገብ ወዳለ ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት ይሄዳል፤ ይህም ብርሃኑን ወደ ጎን አዙሮ ለተመልካቹ ዐይን ይሰጠዋል። ሁለቱ መስተዋቶች በትክክል ካልተያዩ ኮከቡ ክብ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጅራት ያወጣል። በዚህም ላይ የዚያ ዘመን የብረት መስተዋት ከተቀበለው ብርሃን ከመቶ 60 ያህሉን ብቻ ነበር የሚመልሰው። ሁለተኛው መስተዋት ደግሞ ከ60ው 60 በመቶውን ብቻ ሲመልስ ለዐይን የሚደርሰው 36 ብቻ ይሆናል።

ሄርሼል ይህን ብክነት በ1786 አስቀረው። በ1783 በሠራው ባለ 20 ጫማ ቴሌስኮፕ ውስጥ ትንሹን መስተዋት አወጣና ትልቁን በጥቂቱ አዘነበለው። በዚህ ጊዜ የኮከቡ ምስል በቱቦው አፍ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ተመልካቹም ጀርባውን ለሰማይ ሰጥቶ ወደ ቱቦው ውስጥ ቁልቁል ይመለከታል። ማዘንበል መልክን የሚያበላሽ ቢሆንም፣ ቱቦው እጅግ ረጅም በመሆኑ የሚያስፈልገው ማዘንበል ትንሽ ነበር፤ የሚያመጣውም ጉድለት ከሚገኘው ብርሃን ጋር ሲመዛዘን የሚቻል ሆነ።

ከዚህም የበለጠ ሐሳብ ነበረው። ገና በ1781 በባዝ ሳለ ታላቅ መስተዋት ለማፍሰስ ሞክሮ ነበር። ለቅርጹ የፈረስ ፋንድያ የተቀላቀለበት ጭቃ አዘጋጀ። የመጀመሪያው መስተዋት ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ሙከራ የቀለጠው ብረት አፈትልኮ በወለሉ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዮቹም እየፈነዱ ወደ ጣሪያ ሲፈናጠሩ ሄርሼልና ወንድሙ አሌክሳንደር ከሠራተኞቹ ጋር ሸሽተው ለጥቂት ዳኑ።

ሐሳቡን ግን አልተወም። ንጉሡ በሁለት ጊዜ 4 ሺህ ፓውንድ ሰጥተውት በስላው መንደር በግቢው ውስጥ ባለ 40 ጫማ ቴሌስኮፕ ማቆም ጀመረ። የመስተዋቱ ስፋት 4 ጫማ ነበር። ቱቦው ከብረት ተሠርቶ፣ በእንጨት ማማ መካከል በገመድና በመዘውር ይነሣል፤ ማማውም በመንኰራኵር ላይ ክብ መንገዱን ይዞ ይዞራል። በ1785 የፈሰሰው የመጀመሪያው መስተዋት ከታሰበው ይልቅ ስስ ሆነ።

በፌብርዋሪ 19 ቀን 1787 መስተዋቱ በቱቦው ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ትክክለኛ ቦታ ገና ስላልታወቀ፣ ከዐይን የሚጠጋውን ትንሽ መነጽር የት ላይ ማሰር እንደሚገባ አልተለየም ነበር። ስለዚህ ሄርሼል ራሱ ወደ ቱቦው ገባ፤ አፉ አጠገብ ተጋድሞም ትንሹን መነጽር በእጁ እየያዘ ወደፊትና ወደኋላ ሲያደርግ ብርሃኑ የሚገናኝበትን ነጥብ አገኘ። የተመለከተውም ከ13 ዓመት በፊት ያየውን ያንኑ የኦርዮንን ደመና ነበር። መስተዋቱ ፍጹም አለመሆኑን ተረዳ፤ ሆኖም ከጠበቀው የተሻለ ሆኖ አገኘው።

ንጉሡም በዚያው ዓመት ሊጐበኙ መጥተው፣ ገና መሬት ላይ ተጋድሞ በነበረው ቱቦ ውስጥ የካንተርበሪን ሊቀ ጳጳስ እየመሩ ወደ ሰማይ የሚወስደውን መንገድ አሳይዎታለሁ ብለው እንደ ቀለዱ ይነገራል።

ስሱ መስተዋት ቱቦው ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር በገዛ ክብደቱ ይጐብጥ ስለ ነበር በ1788 ወደ 1 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ ወፍራም መስተዋት አፈሰሰ። በእርሱም በ1789 በኦገስት 28 ቀን እንሰላደስ የተባለችውን፣ በሴፕቴምበር ወር ደግሞ ሚማስ የተባለችውን የሳተርንን ጨረቃዎች ለየ።

ነገር ግን ታላቁ መሣሪያ ብዙ አስቸገረ። የእንግሊዝ እርጥብ አየር መስተዋቱን ያደበዝዘዋል፤ ድጋሚ መወልወሉም ከባድ ድካም ነው። ብርድና ሙቀት ሲለዋወጥ ቅርጹ ይለወጣል። ለማዘጋጀት ብቻ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ጥርት ያለው ሌሊት በከንቱ ያልፋል። ሄርሼል ንጉሥ የከፈሉበትን፣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀውን መሣሪያ በሐሰት ሊያሞግሰው ይችል ነበር። እርሱ ግን ያላደረገውን አላወራም። አነስተኛው ለሚበቃው ሥራ ትልቁን አለመጠቀምን ልማዱ አድርጎ፣ ወደ 20 ጫማው ተመለሰ። በእርሱም በ20 ዓመት ውስጥ 2 ሺህ 500 ያህል የብርሃን ደመናዎችንና የከዋክብት ጉባኤዎችን መዘገበ። ሌሊት ሌሊት እርሱ ከላይ ሆኖ ያየውን ሲናገር ካሮላይን ከታች ትጽፍ ነበር፤ እርሷም ለራሷ 8 ጅራታም ከዋክብትን አገኘች።

ሄርሼል በኦገስት 25 ቀን 1822 በ83 ዓመቱ በስላው ዐረፈ። የማማው እንጨት እየበሰበሰ ስለ ሄደ ልጁ ጆን ሄርሼል በ1839 አፈረሰው፤ ከማፍረሱ በፊት ግን ፎቶግራፉን በመስታወት ላይ አነሣው። በ2009 ወደ ጠፈር የተላከው፣ 3 ሜትር ተኩል መስተዋት የነበረውና እስከ 2013 ድረስ የሠራው የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ በስሙ ተጠርቷል።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር መሥራትን ብቻ አይደለም። ሄርሼል የሠራውን በገዛ ዐይኑ መረመረ፤ ጉድለቱንም ባየ ጊዜ ሳያፍር ተናገረ። የመሣሪያው ግዝፈት ያስደነቃቸው ጐብኚዎች ብዙዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ኮከቡ በመስተዋቱ ውስጥ ክብ ሆኖ መታየቱን ነው።