ባለቅኔው ፑሽኪንና ፈላስፋው ቻዳዬቭ

በ1848 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ዬጎር ኮቫሌቭስኪ የሚባል የመስኮብ የማዕድን መሐንዲስ ዛሬ ቤኒሻንጉል በምንለው አገር የቱማትን ወንዝ ተከትሎ ወደ ላይ ይጓዝ ነበር። ያስመጣው የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ሲሆን ምክንያቱም ወርቅ ነው። ኮቫሌቭስኪ በዚያ ወሰን የወርቅ ማጠቢያ አቋቋመ፣ ያየውንም በመጽሐፍ ጻፈ፤ አንዱን ወንዝ እንኳ በፔተርስበርግ ወንዝ ስም ኔቭካ ብሎት ነበር። አሶሳ የተመደበ ወጣት ሹም ይህን ስም ቢጠይቅ የሚያውቅለት ሰው የሚያገኝ አይመስለንም።

በዚያ ዘመን ግን ከዚያ አገር የሚወጣው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም እየታደነ ይሸጥ ነበር። ከዚያ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል አስቀድሞ እንዲሁ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰደ አንድ ልጅ በቁስጥንጥንያ በኩል አልፎ ለመስኮቡ ንጉሥ ለታላቁ ጴጥሮስ ቀረበ። ጴጥሮስ ክርስትና አነሣው፣ ፈረንሳይ አገር ልኮ ምሕንድስና አስተማረው፤ ልጁም አድጎ ጄኔራል ሆነ። ስሙ አብራም ሐኒባል ነው፤ የልጅ ልጁ ልጅ ደግሞ ባለቅኔው አሌክሳንደር ፑሽኪን። ቤተሰቡ ሐኒባልን ሐበሻ ነው ሲል፣ በቅርብ ዘመን የተነሡ መርማሪዎች የተወለደው በቻድ ሐይቅ አቅራቢያ ነው ይላሉ። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ እኛ ግን ፍርዱን ሳንጠብቅ አዲስ አበባ ላይ ለፑሽኪን አደባባይ ሰይመንለታል።

የዛሬው ጉዳያችን ግን የፑሽኪን ዘር ሳይሆን አንድ ወዳጅነቱ ነው።

ፑሽኪን በ1799 ሞስኮ ተወልዶ በ12 ዓመቱ በጻርስኮዬ ሴሎ በተከፈተው የመኳንንት ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። በ1816 በታሪክ ጸሐፊው በካራምዚን ቤት ፒዮትር ቻዳዬቭ ከሚባል የ22 ዓመት መኮንን ጋር ተዋወቀ። ቻዳዬቭ ናፖሊዮንን በቦሮዲኖ ተዋግቶ፣ ከድል አድራጊው ጦር ጋር እስከ ፓሪስ ደርሶ የተመለሰ ነው። ያን ያየ ሰው አገሩ ሲገባ ማነጻጸሩ አይቀርም። ብዙ ያነብ ነበር፤ አለባበሱም እንከን የማይወጣለት ስለ ነበር ፑሽኪን በኋላ በ«ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የባለታሪኩን ጌጠኝነት ሲገልጽ ስሙን ጠርቶታል።

ለፑሽኪን ግጥሙ እንደ ምንጭ ይፈልቅለት ነበር፤ ሐሳቡን የሚገራለት ሰው ግን ያስፈልገው ነበር። ያን ያገኘው ከቻዳዬቭ ነው። በ1818 ገደማ ስለ ነጻነት አንድ ግጥም ጻፈለት፤ ግጥሙም ሳይታተም በእጅ እየተገለበጠ ተዳረሰ። በ1820 መንግሥት በግጥሞቹ ተቆጥቶ ወደ ሳይቤሪያ ይጋዝ የሚል ወሬ ሲነሣ፣ ቻዳዬቭ ወደ ካራምዚን ሮጦ አማለደው። ፑሽኪንም በሳይቤሪያ ፈንታ ወደ ደቡብ አገር ተላከ።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ቻዳዬቭ ሹመቱን ትቶ አውሮፓን ዞረ፣ በ1825 ከጀርመኑ ፈላስፋ ከሼሊንግ ጋር ተገናኘ፤ ተመልሶም ሞስኮ ላይ ደጁን ዘግቶ ስምንት የፍልስፍና ደብዳቤዎች ጻፈ። የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ፑሽኪንም የመለሰለት በፈረንሳይኛ ነው። ሁለት የመስኮብ ልጆች ስለ መስኮብ ዕጣ በባዕድ ቋንቋ ሲከራከሩ ማየት ለእኛ አያስቅም፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ኢትዮጵያ ስንሟገት አማርኛው ሲያጥረን ወደ እንግሊዝኛ እንሸሽ ነበርና።

የቻዳዬቭ ነገር መራራ ነው። መስኮብ ከምሥራቅም ከምዕራብም አይደለችም፤ ለሰው ልጅ ዕውቀት አንዳች አልጨመረችም፤ ክርስትናን ከቢዛንጥያ በመቀበሏ ከአውሮፓ አንድነት ተነጥላ ቀረች ይላል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ጊቦንን ያስታውሳል፤ እርሱም እኛን ዓለምን ረስተው ሺህ ዓመት ያህል የተኙ ብሎናል። ልዩነቱ ጊቦን ባዕድ መሆኑ ነው። ቻዳዬቭ የተናገረው ስለ ገዛ እናቱ ነው፤ እኛም በአገሩ ላይ እንዲህ የሚመር ሰው አገሩን የማይወድ ነው ለማለት አንደፍርም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በ1836 «ቴሌስኮፕ» በተባለ መጽሔት ታተመ። ንጉሡ ቀዳማዊ ኒኮላስ መጽሔቱን ዘጋ፣ አዘጋጁን አጋዘ፣ ቻዳዬቭን ግን አላሰረም፤ አብዷል ብሎ አወጀና ሐኪም እየሄደ እንዲያየው አዘዘ። ለአንድ አሳቢ ከዚህ የከፋ ቅጣት አይታየንም፤ የታሰረ ሰው ቃሉ ይሰማለታል፣ እብድ የተባለን ማን ይሰማዋል?

ፑሽኪን ጥቅምት 19 ቀን 1836 መልሱን ጻፈ። ያ ቀን የትምህርት ቤቱ 25ኛ ዓመት ነበር፤ «የመቶ አለቃው ልጅ» የተባለውም ልብ ወለዱ የእጅ ጽሑፍ በዚሁ ቀን ተፈርሟል። መልሱ ወዳጁን አይምረውም። ከአውሮፓ መነጠላችን እውነት ነው፤ ነገር ግን የሞንጎልን ጦር ሰፊው ምድራችን ዋጠው፣ አውሮፓም በሰላም የተማረችው በእኛ መከራ ነው አለ። ታላቁን ጴጥሮስንም ጨምሮ የነገሥታቱን ታሪክ ቆጠረለት፤ በዙሪያው በሚያየው ሁሉ ባይደሰትም ያባቶቹን ታሪክ በሌላ እንደማይለውጥ ነገረው። ወዲያው ደግሞ ለእውነትና ለፍትሕ ግድ የሌለው፣ የሕዝብ አስተያየት የሚባል የማይታወቅበት ኑሮ እንደሚያሳዝን አመነለት። ለእኛ ከሁሉ የሚያስደንቀን ይህ ማመኑ ነው፤ ብዙ ተከራካሪ የተቃዋሚውን እውነት ሲያገኝ ይዘለዋል።

የወዳጁን መከራ በሰማ ጊዜ ግን ደብዳቤውን አልላከውም። በወረቀቱ ላይ ቁራ የቁራን ዓይን እንደማያወጣ የሚናገር የስኮትላንድ ምሳሌ ጽፎ አስቀመጠው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥር 1837፣ ከዳንቴስ ጋር በሽጉጥ ተጋጥሞ ቆሰለና ሞተ።

ቻዳዬቭ በዚያው ዓመት «የእብድ መከላከያ» የሚል ጽሑፍ ጀመረ። በፊተኛው ደብዳቤው ነገሩን እንዳጋነነ በዚህ ጽሑፍ አመነ። ይህ ሕዝብ ያለ ተስፋ እንዳልሆነ ሲያስረዳም ከማኅፀኑ የወጡ ሦስት ሰዎች ጠራ፤ ታላቁን ጴጥሮስን፣ ሊቁን ሎሞኖሶቭን፣ ሦስተኛውንም ፑሽኪንን። ጽሑፉን ሳይጨርሰው ተወው፤ እርሱም በ1856 እስከ ሞተ ድረስ አልታተመም።