ኢብን ሲና፣ የጀርባ አጥንታችንና የሐመዳን ረመዷን



በተራዊሕ መካከል፣ ከአራት ረከዓ በኋላ ጥቂት ስናርፍ፣ ዞር ብለን ሰፉን ስንመለከት እጁን ወገቡ ላይ የጣለ ሰው አናጣም። አንዱ ግድግዳ ይደገፋል፤ ሌላው ከሱጁድ ሲነሣ የጎረቤቱን ትከሻ ይይዛል። ወንበር ከኋላ ተደርድሯል፤ የሚቀመጥበት ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ የምንሰማው እፍረት ነው። ከጀመዓችን አንድ አባት እግራቸው እየደነዘዘ ወሩን ሙሉ ቆመው ሰገዱ፤ ለማንም አልተናገሩም። ከዒድ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ከወገባቸው የሚወጣው ነርቭ ለሳምንታት ተጨቁኖ ቆይቷል ተባሉ። እግራቸው ዛሬም ይጎተታል።

ዛሬ የምናነሣቸውን ሰው እንድናስታውስ ያደረጉን እኚህ አባት ናቸው። በአማርኛችን ሐኪም የምንለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ ጥበበኛ ማለትም ነው። በዚህ ስም ከተጠሩት ሁሉ የአቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ሲናን ያህል ዝናው የገነነ ጥቂት ነው። ስለ ጀርባ አጥንት ጽፈዋል፤ የሞቱትም በረመዷን ነው።

ኢብን ሲና የተወለዱት በ370 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ980) በቡኻራ አቅራቢያ፣ አፍሻና በምትባል መንደር ነው። አገሩ ዛሬ ኡዝቤኪስታን ይባላል። አባታቸው ዐብደላህ ከበልኽ የመጡ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ እናታቸው ሲታራ ይባላሉ። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ገባ፤ ልጁም አሥር ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን ጨርሶ ነበር። ከዚያ የተማረበትን መንገድ ስንሰማ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘናል፤ የሕንዱን ሒሳብ እንዲማር አባቱ የላኩት አትክልት ሻጭ ዘንድ ነው። ፊቅህን ከአንድ ዛሂድ ሸይኽ ተማረ። ሕክምናን በራሱ ንባብና ሕመምተኞችን በማየት ያዘ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሐኪሞች እርሱ ዘንድ እየመጡ ይማሩ ነበር።

የአሪስጣጣሊስን የመታፊዚቃ መጽሐፍ አርባ ጊዜ አንብበው እንዳልገባቸው ራሳቸው ተርከዋል። አንድ ቀን በመጻሕፍት ገበያ አንድ ደላላ ባለቤቱ ገንዘብ ቸግሮታል ብሎ በሦስት ዲርሃም አንድ መጽሐፍ ሸጠላቸው። የአል-ፋራቢ መጽሐፍ ነበር፤ ያ ሁሉ የተቋጠረው በአንድ ጊዜ ተፈታላቸው። በማግስቱ አላህን አመስግነው ለድኾች ብዙ ሶደቃ ሰጡ። ነገር ሲከብዳቸው መስጂድ ገብተው ይሰግዱ፣ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ግልጽ መሆን አለብን። ኢብን ሲና በሁሉ ነገር አርአያ ናቸው አንልም። በፍልስፍናቸው ኢማም አል-ገዛሊ አጥብቀው ነቅፈዋቸዋል። ሌሊት ሲያነቡ ሲደክማቸው የተከለከለውን መጠጥ ይጠጡ እንደነበርም ራሳቸው አልደበቁም። ከእርሳቸው የምንወስደው ሕክምናውንና የፍጻሜያቸውን ተውበት ነው።

ገና ወጣት ሳሉ የቡኻራው ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱር ታመሙ፤ ካከሟቸው መካከል ኢብን ሲና አንዱ ነበሩ። በምላሹም ወደ ቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲገቡ ተፈቀደላቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል በየዕውቀቱ ዓይነት የተለየ፣ መጻሕፍቱ በሣጥን የተከመሩበት ነበር። አባታቸው ሲሞቱና የሳማኒዮች መንግሥት ሲናወጥ ግን ስደት ተጀመረ። ጉርጋንጅ፣ ጁርጃን፣ ረይ፣ ከዚያ ሐመዳን። አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን የጀመሩት በጁርጃን ነው፤ የጨረሱት በሐመዳን። በዚያ የአሚር ሸምስ አድ-ደውላ ወዚር ሆነው ቀኑን በመንግሥት ሥራ፣ ሌሊቱን ከተማሪዎች ጋር በመጽሐፉ ያሳልፉ ነበር። አንድ ጊዜ ወታደሮች አምፀው ቤታቸውን ዘረፉ፤ አርባ ቀን በአንድ ሰው ቤት ተደበቁ። አሚሩ የሆድ ቁርጠቱ ሲነሣበት አስፈልገው አስመጧቸው፤ ይቅርታም ጠየቋቸው።

አል-ቃኑን አምስት መጻሕፍት አሉት። በመጀመሪያው ውስጥ ስለ ጀርባ አጥንት የተጻፈውን እኛ በዐረብኛው ስናነብ የሚገርመን ነገር አለ። ኢብን ሲና አከርካሪን መርከብ ሲሠራ ከሁሉ በፊት ከሚነጠፈው እንጨት ጋር ያመሳስሉታል፤ ሌላው እንጨት ሁሉ በእርሱ ላይ ይገጠማል። ሰባት የአንገት፣ አሥራ ሁለት የደረት፣ አምስት የወገብ አጥንቶች ይቆጥራሉ፤ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤት የሚቆጠረውም ይኸው ነው። አጥንቱ አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ ሰው መጎንበስ አይችልም፤ ልል ቢሆን ደግሞ በውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል። ስለዚህ ጥንካሬና መታጠፍ በአንድነት ተሰጡት። ሩኩዕና ሱጁድ የምናደርገው በዚህ ነው፤ ሱብሓነላህ።

በሦስተኛው መጽሐፍ ወደ ሕመሙ ይገባሉ። የጀርባ ሕመም ሁሉ ከጀርባ አይመጣም ይላሉ፤ ከጡንቻና ከጅማት ሊመጣ ይችላል፣ ከድካም ብዛት ሊመጣ ይችላል፣ ከኩላሊት ወይም ከማኅፀንም ሊሆን ይችላል። ከዳሌ ተነሥቶ በእግር የሚወርደውን፣ ዐረቦች ዒርቅ አን-ነሳ የሚሉትን ሕመም ለብቻው ያዩታል። ይህን መለየት ዛሬም የሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የሳቱበትም አለ። እንደ ዘመናቸው ሐኪሞች ሁሉ ዋናውን ምክንያት ብርድና አክታ አድርገው ያዩ ነበር። ወገባችንን ሲይዘን ብርድ ገባኝ የምንለው እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ነርቭን ተጭኖ ያን የእግር ሕመም እንደሚያመጣ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች፣ ሚክስተርና ባር፣ በግልጽ ጽፈው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከኢብን ሲና ሞት ወደ 900 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ዲስክ ምንድን ነው? ውጪው እንደ ተጠላለፈ ገመድ የጠነከረ ቀለበት፣ ውስጡ ውኃ የበዛበት ለስላሳ ነገር ነው። በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ትራስ ይቀመጣል። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር እምብዛም የለም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአጎራባቹ አጥንት እየሰረገ ስለሆነ ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ትራሱ ይሳሳል፣ ቀለበቱ ይሰነጠቃል። ይህ በአብዛኛው እንደ ሽበት ነው። ምንም የማያማቸው ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ዲስክህ አርጅቷል የተባለ ሰው ሕይወቴ አበቃ ብሎ አይደንግጥ። ዘር፣ ከባድ ሸክም፣ ውፍረት ድርሻ አላቸው። ሲጋራም እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ትተውት ከኢፍጣር በኋላ ወደ ውጪ የሚጣደፉ ወንድሞቻችን ይህን ይስሙ።

ሕክምናውን በተመለከተ ኢብን ሲና አንድ ነገር በትክክል ይዘዋል፤ ጤናን በመጠበቅ ረገድ እንቅስቃሴን ከምግብና ከእንቅልፍ አስቀድመው ነው የጻፉት። የዛሬ ሐኪሞችም ለወገብ ሕመም አልጋ ላይ መዋልን አይመክሩም። መራመድ፣ የሆድና የጀርባን ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ፣ ለጊዜው የሕመም ማስታገሻ፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። የተጎዳ አከርካሪን በጉልበት እንዲጫን ለወጌሻ መስጠት ግን አደጋ አለው፤ ወጌሻን ስለምንንቅ አይደለም፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታይ ስለሆነ ነው።

እግር ከዛለ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ ተራዊሑ ይቆይ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከመክሳት ጋር ከመጣም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። መድኃኒት ያገኛል።

ስለ ወንበሩ ደግሞ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ነበረባቸው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ አዘዟቸው። ተራዊሕ ሱና ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ተቀምጦ ሊሰግደው ይችላል። በፈርዱም ቢሆን መቆም የሚጎዳው ሰው መቀመጡ ምሕረት ነው። መድኃኒቱን ቀን መውሰድ ግድ የሆነበትም ቁርኣን ለሕመምተኛ የሰጠው ፈቃድ አለው፤ ሐኪሙንና ዐሊሙን ጠይቆ በሌላ ቀን ይተካል። እናንተ ልጆች ደግሞ አባታችሁ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አትመልከቷቸው፤ ይልቅ ወንበሩን ራሳችሁ አምጡላቸው።

ወደ ኢብን ሲና እንመለስ። ሌላውን የሚያክሙት ሰው ለራሳቸው ሰውነት አልራሩም ነበር። ሸምስ አድ-ደውላ ከሞቱ በኋላ በፈርደጃን ምሽግ አራት ወር ታሰሩ። ከዚያ የሱፊ ልብስ ለብሰው ወደ ኢስፋሃን አመለጡ፤ በዚያም አሚር ዐላእ አድ-ደውላ በክብር ተቀበሏቸው። ቀን ሥራ፣ ሌሊት ጽሑፍ፣ ልክ ያልነበረው ኑሮ፤ ተማሪያቸው አል-ጁዝጃኒ ይህ እንዳዳከማቸው በግልጽ ጽፏል። በአንድ ዘመቻ ላይ የሆድ ቁርጠት ያዛቸው። ሠራዊቱ ጥሏቸው እንዳይሄድ ፈርተው በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ራሳቸውን በሑቅና አከሙ፤ አንጀታቸው ቆሰለ። ትንሽ ሲሻላቸው እንደገና መንገድ፣ እንደገና ሥራ። ለሕመምተኛ የሚመክሩትን ዕረፍት ለራሳቸው ከለከሉ።

ከአሚሩ ጋር ወደ ሐመዳን ሲጓዙ ሕመሙ ተመለሰ። ሐመዳን ሲደርሱ ኃይላቸው እንዳለቀ ዐወቁ። ሰውነታቸውን ያስተዳድር የነበረው ኃይል ማስተዳደር እንደተሳነው፣ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደማይጠቅም ተናግረው ሕክምናውን ተዉ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳስተላለፉልን ታጠቡ፣ ተውበት አደረጉ፤ ያላቸውን ለድኾች ሰጡ፣ በደል እንዳደረሱበት ለሚያውቁት ሰው ሐቁን መለሱ፣ ባሪያዎቻቸውን ነፃ አወጡ። በየሦስት ቀኑም ቁርኣንን ያኸትሙ ጀመር፤ በአሥር ዓመታቸው በቡኻራ የጨረሱትን።

በ428 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) በረመዷን፣ በጁምዓ ቀን ሞቱ። ዕድሜያቸው በሂጅራ አቆጣጠር 58 ነበር። መጽሐፋቸውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና በጦሌዶ ወደ ላቲን መለሰው፤ ዐረብኛው እ.ኤ.አ. በ1593 በሮም ታተመ፤ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለብዙ መቶ ዓመታት ተነበበ። እርሳቸው ግን ከሐመዳን አልወጡም፤ መቃብራቸው እዚያው ነው። አላህ ይማራቸው።