ባርባራ ማክሊንቶክና ዥጉርጉሩ በቆሎ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪነጋ ግን ተግቶ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ባርባራ ማክሊንቶክ ናቸው። ታሪካቸው ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ባጭሩ አቀርበዋለሁ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ባርባራ በ1902 ዓ.ም. በአሜሪካ በሀርትፎርድ ከተማ ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እናታቸው፥ የተማረች ሴት ባል አታገኝም ብለው ስለ ሰጉ ኮሌጅ መግባታቸውን ተቃወሙ። ሐኪሙ አባታቸው ግን ፈቀዱላቸውና በ1919 ኮርኔል ዩኒቨርስቲ ገቡ፤ በ1927ም በዕፀዋት ጥናት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለሴት ሊቅ ቋሚ የዩኒቨርስቲ ወንበር ማግኘት ቀላል አልነበረም። በ1941 ከኒውዮርክ ከተማ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ኮልድ ስፕሪንግ ሐርበር የምርምር ጣቢያ ሄዱ፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም ሥራቸው በዚያ ሆነ።

የበቆሎ ወንዴ አበባ በጫፉ፥ ሴቴ አበባው በጎኑ ነው። ነፋስ ያመጣው የአበባ ዱቄት በጸጉሩ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው ይፀነሳል። ዶክተር ባርባራ ነፋሱ ዘሩን እንዳያደባልቅባቸው አበባውን በከረጢት እየሸፈኑ በገዛ እጃቸው ያዳቅሉ ነበር። የተገኘው ፍሬ ዥጉርጉር ሲሆንባቸው ምክንያቱን ፈለጉ። ከ1944 ጀምሮ ለዓመታት መርምረው፥ አንዳንድ ጂኖች ከክሮሞዞም ቦታቸው ተነሥተው እንደሚዘዋወሩ ደረሱበት። ተዘዋዋሪው በቀለም ጂን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲለቅ ደግሞ ቀለሙ ተመልሶ ነጠብጣብ ያበጃል።

ይህን በ1951 በጣቢያው ጉባኤ ላይ ሲገልጹ አብዛኛው አድማጭ ግራ ተጋባ። ጂን በክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ ከስፍራው የማይነቃነቅ ይመስል ነበርና። ከ1953 በኋላ ዶክተር ባርባራ ዝርዝር ጥናታቸውን በመጽሔት ማውጣት ተዉ፤ መዝራቱንና መመርመሩን ግን አልተዉም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ሌሎች ሊቃውንት ተዘዋዋሪ ጂኖችን በባክቴሪያ ውስጥ አገኙ። በ1983፥ በ81 ዓመታቸው፥ የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ያለ ተካፋይ ብቻቸውን ተቀበሉ። በ1992 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጥያቄያቸው ግን አብሮ አልተቀበረም። ተዘዋዋሪ ጂን አንዳንዴ እንደሚተኛና እንደሚነቃ አይተው ነበር። በአበባ ዱቄት ውስጥ ቢነቃ የሚመጣውን ትውልድ ሊያበላሽ ይችላልና፥ የሚያስተኛው ምንድር ነው? በ2009 በዚያው ጣቢያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከጎመን ወገን በሆነች አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ላይ ፍንጭ አገኙ። የዱቄቱ ቅንጣት ሁለት የዘር ሕዋሶችና አንድ አጃቢ ሕዋስ አለው። በአጃቢው ውስጥ ተዘዋዋሪዎቹ ይነቃሉ፤ አጃቢው ዘር አይተካምና ለትውልዱ አያሠጋም። ከነቁትም የሚገኙት፥ 21 የኬሚካል ፊደል ያላቸው ትንንሽ አር.ኤን.ኤዎች በዘር ሕዋሶቹ ውስጥ ተከማችተው ታዩ፤ በዚያም ተዘዋዋሪዎቹን ጸጥ እንደሚያሰኙ ተመለከተ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በአዳራሽ ጭብጨባ ያጣ ሐሳብ ሁሉ ትክክል ነው አልልም። የዶክተር ባርባራ ሐሳብ ያሸነፈው ስለ ተናቀ ሳይሆን፥ በየዓመቱ ማሳ ወርደው ማስረጃ ስለ ሰበሰቡለት ነው።