የደም ግፊታቸውን ቁጥር ያልጠየቁት ፕሬዚዳንት

በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ፣ በስዌዝ ቦይ መስመር ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆሞ ወደነበረ ኩዊንሲ የሚባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ወጡ። የተቀበሏቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ነበሩ። ጃንሆይ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ ይዘው ነበር የሄዱት። በማግስቱ ደግሞ የሳዑዲ ዐረቢያው ንጉሥ አብዱልአዚዝ እዚያው መርከብ ላይ መጡ፤ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ከአውሮፓ እልቂት የተረፉት አይሁድ ዕጣ ነበር። የብዙ ሕዝብ ጉዳይ በአንድ ሰው ፊት ይቀርብ ነበር። እኚያ ሰው ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ዐረፉ። የገደላቸው የጦር ሜዳ ጥይት አልነበረም። ደም ብዛት ነበር።

ሩዝቬልት በጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በምትባል ስፍራ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ሕግ ተምረው በወጣትነታቸው ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1921፣ ገና የ39 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ድንገት ታመሙ። ሐኪሞች ፖሊዮ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለ ድጋፍ በእግራቸው ቆመው አያውቁም። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የፖለቲካ ሕይወታቸው አበቃ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን እግራቸውን በብረት ድጋፍ አስረው፣ አንድ እጃቸውን በሰው ክንድ ሌላውን በምርኩዝ ይዘው ጥቂት እርምጃ መራመድን ተለማመዱ። በ1928 የኒው ዮርክ ገዥ፣ በ1932 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ሥልጣን ሲይዙ ሥራ አጥነቱና ረሀቡ የበረታበት ዘመን ነበር። እዚህ አገር ቢቱዋሕ ለኡሚ ለአረጋውያን እንደሚከፍለው ሁሉ፣ ዛሬ በአሜሪካ ለአረጋውያን የሚከፈለው የጡረታ ገንዘብ ሕግ በ1935 የወጣው በእሳቸው አስተዳደር ነው። በኋላም አገራቸውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሩ። አራት ጊዜ የተመረጡ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በእነዚህ ዓመታት ሩዝቬልት አንድ ነገር በደንብ ተምረው ነበር፤ ሕመምን ከሰው ዓይን መሰወር። ፎቶ አንሺዎች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሳሉ እንዳያነሷቸው ይደረግ ነበር። ሕዝቡ የሚያየው ፈገግ ያለ፣ በረጅም መያዣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ አንገቱን ቀና ያደረገ መሪ ነበር። ይህ መሰወር ለሥልጣን ጠቅሟቸው ይሆናል። ሌላ ሕመም ሲመጣ ግን ጎዳቸው።

የደም ግፊት ሁለት ቁጥር አለው። የላይኛው ልብ ተጨምቃ ደም ስትረጭ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው ልብ በምት መካከል ስታርፍ ያለው ነው። በ1935 ሩዝቬልት ሲለኩ 136 በ78 ነበር። በ1937 ቁጥሩ 162 በ98 ሆነ። በ1940 መጨረሻ 178 በ88፣ በ1941 መጀመሪያ ደግሞ 188 በ105 ደረሰ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ነበር። የቅርብ ሐኪማቸው ሮስ ማኪንታየር የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ፤ ለጋዜጠኞች ሁልጊዜ የሚናገሩት ፕሬዚዳንቱ ለዕድሜያቸው ደህና መሆናቸውን ነበር።

በ1944 መጋቢት ገደማ ሰውዬው በግልጽ ደከሙ። ሳል አልለቅ አላቸው፣ ፊታቸው ገረጣ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ልጃቸው አና አባቷ በደንብ ይመርመሩልኝ ብላ ወተወተች። በባሕር ኃይሉ ሆስፒታል የመረመራቸው ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ነበር። ግፊቱ 186 በ108 ሆኖ አገኘው። ልባቸው አብጧል፤ ደም የመግፋት ኃይሏም ደክሟል። ብሩን ያገኘውን ለታማሚውም ለቤተሰቡም እንዳይናገር ታዘዘ።

ያን ጊዜ ደም ብዛትን በአስተማማኝ የሚያወርድ ኪኒን አልነበረም። ለልባቸው ዲጂታሊስ የሚባል መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ጨው ተቀነሰባቸው፣ ሲጋራ እንዲቀንሱና እንዲያርፉ ተመከሩ። ሳውዝ ካሮላይና ሄደው አንድ ወር ያህል ዐረፉ። ብሩን ከዚያ ወዲያ በሄዱበት እየሄደ ግፊታቸውን ይለካ ነበር። የሚያስገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ክንዳቸው እየታሰረ፣ ሐኪሙ በጆሮው እያዳመጠ፣ ሩዝቬልት ቁጥሩ ስንት ሆነ ብለው አልጠየቁም። መድኃኒቱንም ለምን እንደሚወስዱ አልጠየቁም። ክንዳቸውን ይሰጣሉ፣ ቀልድ ይቀልዳሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሕዝቡ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ለአራተኛ ጊዜ መረጣቸው።

በፌብሩዋሪ 1945 በያልታ ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ተሰበሰቡ፤ ከጃንሆይ ጋር የተገናኙትም ከዚያ ሲመለሱ ነው። በማርች 1 ቀን ለአገራቸው ምክር ቤት ንግግር ሲያደርጉ ተቀምጠው ነበር። የእግራቸው ብረት ክብደት እንዳስቸገራቸው በይፋ ሲናገሩ ብዙዎች በመገረም ሰሙ።

በኤፕሪል 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ውስጥ፣ ዋርም ስፕሪንግስ በሚገኘው ቤታቸው፣ ምስላቸውን የምትሥል ሠዓሊ ፊት ተቀምጠው ወረቀት ይፈርሙ ነበር። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከራሳቸው በስተኋላ ብርቱ ሕመም እንደተሰማቸው ተናገሩና ወደቁ። ብሩን ፈጥኖ ደረሰ። የላይኛው ግፊት ከ300 በላይ፣ የታችኛው 190 ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆዩ በኋላ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። የአውሮፓው ጦርነት ያበቃው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ድሉን አላዩትም። ሆስፒታሉ ካዝና ውስጥ የነበረው የሕክምና መዝገባቸው ጠፋ፤ ዛሬ ቁጥሮቹ የሚታወቁት ብሩን በ1970 ስላሳተማቸው ነው።

የእሳቸው ሞት ግን ለሌሎች ትምህርት ሆነ። በ1948 ተተኪያቸው ትሩማን ለልብ ሕመም ምርምር ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ፣ 5,209 ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ተጀመረ። ደም ብዛት የዕድሜ ጣጣ ብቻ ሳይሆን ልብንና አንጎልን የሚጎዳ በሽታ መሆኑን ካረጋገጡት አንዱ ይህ ጥናት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ግፊትን የሚያወርድ፣ በአፍ የሚዋጥ መልካም ኪኒን ተገኘ። ሩዝቬልት ለዚህ አልደረሱም።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። በሩዝቬልት ዘመን ግፊትን ለመለካት የሠለጠነ ሐኪም፣ የሜርኩሪ መለኪያና የማዳመጫ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በባትሪ የሚሠራው መለኪያ የደም ሥሩን ንዝረት ራሱ አንብቦ ቁጥሩን ያሳያል። ቁጥሩም በዕብራይስጥም በአማርኛም አንድ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ መለኪያው ቤታችሁ ካለ እንዲህ ተጠቀሙበት።

ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ። ሽንት ካለ ቀድማችሁ ውጡ። ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ መሬት አስረግጣችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጨርቁን በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልባችሁ ትክክል ይረፍ። በልኬቱ ጊዜ አትናገሩ። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት።

ጠዋት ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት፣ ማታም እንዲሁ ለክታችሁ፣ ቀኑንና ሁለቱን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ፤ መጻፍ ካስቸገራችሁ የልጅ ልጅ ይጻፍላችሁ። ደብተሩን ወደ ኩፓት ሆሊም ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ውስጥ የሚለካው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ የወረደው መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአፍ መኮላተፍ ወይም የእጅ መዛል ከታየ ሳትዘገዩ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ።

ሐኪም ወይም ነርስ ክንዳችሁን ስታስር ደግሞ ስንት ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። የዓለምን ጉዳይ በእጃቸው የያዙት ሩዝቬልት ያልጠየቁት ይህን አጭር ጥያቄ ነው።