የኢፕ ማን ሕይወትና የዊንግ ቹን ትምህርት

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአበው ተረት የማያውቅ አንባቢ የለንም። ተረቱን ማወቅና እንደ ተረቱ መኖር ግን የተለያዩ ናቸው። ኩንግ ፉ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሲኒማ ያየነውን ዝላይና ፈጣን ቡጢ ነው። ዛሬ የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ግን ይህ ጥበብ በእውነቱ ምን ያህል በዝግታ እንደሚጠና የሚያስረዳ ነው። ባለታሪኩ ኢፕ ማን የተባሉት ቻይናዊ መምህር ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኢፕ ማን በ1893 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና በፎሻን ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ በዘመዶቻቸው የአባቶች መታሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ቻን ዋ ሹን የሚባሉ ሽማግሌ ዊንግ ቹን የተባለውን የኩንግ ፉ ዓይነት ያስተምሩ ነበር። እኒህ ሽማግሌ መተዳደሪያቸው ገንዘብ መመንዘር ነበር። ጥበቡ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ስሙን ያገኘው ከአንዲት ልጃገረድ ነው፤ ያስተማረቻትም መነኩሲት ነበረች ይባላል። ኢፕ ማን ገና ልጅ ሳሉ የሽማግሌው የመጨረሻ ደቀ መዝሙር ሆኑ። መምህሩም ከሞቱ በኋላ ትምህርቱን የቀጠሉት ከቀደሙት ደቀ መዛሙርት አንዱ በሆኑት በንግ ቹንግ ሶክ ዘንድ ነው።

ትምህርቱ በባዶ እጅ የሚሠሩ ሦስት ምዕራፎች አሉት። ምዕራፍ ያልነው ተማሪው ብቻውን ሆኖ ተራውን ሳያዛባ የሚሠራውን ተከታታይ እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያው ሲዩ ኒም ታዎ ይባላል፤ ትርጓሜውም ታናሽ አሳብ ማለት ነው። ተማሪው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፥ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙሮ ይቆማል፤ ምዕራፉን እስኪጨርስም ድረስ አንዲት እርምጃ አይራመድም። ክርኑን ወደ ደረቱ መካከል ሰብስቦ እጆቹን በዝግታ ይዘረጋል፥ ይመልሳልም። ለተመልካች ሥራ የፈታ ሰው ይመስላል። ነገር ግን አጥብቆ መቆምን፥ ትከሻን ማላላትን፥ ጉልበትን በከንቱ አለማባከንን የሚማረው እዚህ ላይ ነው።

ኢፕ ማን ዕድሜያቸው ወደ 16 ዓመት ሲጠጋ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደው በቅዱስ እስጢፋኖስ ኮሌጅ ገቡ። በዚያን ጊዜ በኩንግ ፉ ችሎታቸው እጅግ ይተማመኑ ነበር። ደቀ መዛሙርታቸው እንደሚተርኩት፥ በዚያ ከተማ ከአንድ አዛውንት ጋር ችሎታቸውን ለመፈተን ገጥመው በቀላሉ ተሸነፉ። አዛውንቱ ሌውንግ ቢክ ይባላሉ፤ የቻን ዋ ሹን መምህር የነበሩት የፎሻኑ ሐኪም የሌውንግ ጃን ልጅ ነበሩ። ወጣቱ ተሸንፈው ከማኩረፍ ይልቅ እንደገና ተማሪ ለመሆን ለመኑ። ሌላ ጥበብ ፍለጋ ሌላ ቤት አላንኳኩም፤ አውቀዋለሁ ያሉትን ያንኑ ዊንግ ቹን ደግመው ተማሩ።

ከዚያም ወደ ፎሻን ተመልሰው በፖሊስነት አገለገሉ። በ1938 የጃፓን ጦር ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ግን የቤተ ሰቡ ሀብት ተበተነ። በ1949 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ኢፕ ማን ቤታቸውን ለቀው ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደዱ። ድንበሩም በመዘጋቱ ከባለቤታቸው ጋር ተለያይተው ቀሩ፤ ባለቤታቸው በ1960 ዐረፉ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አባታቸው ዘንድ ለመድረስ የቻሉት በ1962 ነበር።

በ1950 ዕድሜያቸው ወደ 57 ዓመት ተጠግቶ ሳለ፥ ኢፕ ማን በሆንግ ኮንግ በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ማስተማር ጀመሩ። ባለጸጋ ሳሉ የተማሩት ጥበብ በድህነታቸው ጊዜ እንጀራቸው ሆነ። ተማሪዎቹም ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ነበሩ። እነርሱንም ያስጀመሯቸው በዚያው በታናሹ አሳብ ነው።

ይህን የጠነቀቀ ተማሪ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ቹም ኪዩ ይሻገራል፤ ድልድይ መፈለግ ማለት ነው። ድልድይ የሚሉት ክንድ ከባላጋራ ክንድ ጋር የሚገናኝበትን ነው። እዚህ ላይ ተማሪው መዞርን፥ መራመድንና በእግር መምታትን ይጀምራል። ሦስተኛው ቢዩ ጂ፥ ማለት ተወርዋሪ ጣቶች፥ ሰው ተሳስቶ በጠላት እጅ ሲወድቅ የሚድንበት ነው፤ በጥንቱ ልማድም ለማንም አይሰጥም ነበር። ከዚህ ሌላ ሦስት ክንድና አንድ እግር በተሰካበት የእንጨት ግንድ ላይ የሚደረግ ልምምድ አለ። ግንዱ በፎሻን በመሬት ይተከል ነበር፤ በሆንግ ኮንግ ፎቅ ቤቶች ግን የሚተከልበት መሬት ስለ ሌለ በግድግዳ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። በመጨረሻ የሚመጡት ረጅሙ ዱላና ሁለቱ አጫጭር ቢላዋዎች ናቸው፤ እዚያ የሚደርሰውም ጥቂት ሰው ነው።

ምዕራፎቹን ከፍልሚያ ጋር የሚያገናኛቸው ግን ቺ ሳው የሚባለው የተጣበቁ እጆች ልምምድ ነው። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን አገናኝተው ያሽከረክራሉ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይለቃል፤ አንዱ ቀዳዳ ሲተው ሌላው ይገባል። የባላጋራን አሳብ ዓይን ሳያየው ክንድ እንዲያውቀው ያደርጋል። መምህሩም ከየተማሪው ጋር ክንድ ለክንድ እየተገናኙ የእያንዳንዱን ጠባይና አቅም ተከትለው ያስተምሩ ነበር። የማዕርግ ቀበቶ አልነበረም፤ ፈተናው በመምህሩ ክንድ ላይ ነው። አስቀድሞ የገባ ተማሪ በዕድሜ ቢያንስ እንኳ ታላቅ ወንድም ተብሎ ይጠራል፤ ታናናሾቹንም የማስተማር ኀላፊነት አለበት።

በፊልም ዓለም ስመ ጥር የሆነው ብሩስ ሊ በዚህ ቤት የገባው በ1950ዎቹ ዓመታት፥ ገና ጐረምሳ ሳለ ነው። አብዛኛውን ያሠለጠነው ታላቅ ወንድሙ ዎንግ ሹን ሌውንግ ነበር። ብሩስ ሊ ትምህርቱን በሙሉ ሳይፈጽም በ1959 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኋላም የራሱን መንገድ አወጣ። የመምህሩን ስም ለዓለም ያሰማው ይኸው ያልጨረሰ ተማሪ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ1967 ደቀ መዛሙርቱ የዊንግ ቹን ማኅበር በሕግ አቋቋሙ። በ1972 መምህሩ የጉሮሮ ካንሰር አድክሟቸው ሳለ በቤታቸው ፊልም ተነሡ፤ ዓላማውም ጥበቡ ከእሳቸው በኋላ ሳይበላሽ እንዲተላለፍ ነው። በፊልሙ ላይ የሚታዩት የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ምዕራፍ፥ እንዲሁም የእንጨቱን ግንድ ልምምድ ሲሠሩ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በሁለተኛው ቀን በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሊሞቱ የተቃረቡት አዛውንት ለትውልድ ለማስረከብ ሲነሡ የታየው፥ ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ በልጅነታቸው የጀመሩት ያው ታናሽ አሳብ ነው። በእኛ አስተያየት የሕይወታቸው ትምህርት ይህ ነው። ሀብት በአንድ ክረምት ይበተናል፤ በአካል ውስጥ በዝግታ የገባ ዕውቀት ግን ድንበር ቢዘጋም ከባለቤቱ ጋር ይሻገራል። ተማሪ ስንት ምዕራፍ አለፍሁ ብሎ ከመጠየቁ በፊት የመጀመሪያውን ምን ያህል አውቄዋለሁ ብሎ ራሱን ቢመረምር፥ በማናቸውም ሙያ ቢሆን አይጎዳም።