ሕርቃል እና ሄክሳግራም፦ የብር ገንዘብ በመንግሥት ህልውና ትግል ውስጥ

ንጉሠ ነገሥት ሕርቃል (ሄራክልዮስ) የተወለደው በ575 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። አባቱ መቀመጫውን በካርቴጅ ያደረገ የሰሜን አፍሪካ ጠቅላይ ገዥ ነበር። ልጁ ከዚያ መርከቦችን አሰልፎ በመነሣት በ610 ፎቃን ከዙፋን አወረደና በቁስጥንጥንያ ነገሠ።

የተረከበው መንግሥት በፋርስ ጦር እየተሸነፈ፣ ግምጃ ቤቱም እየተራቆተ ነበር። በ614 ኢየሩሳሌም ተያዘች፤ ቅዱስ መስቀሉም ተማረከ። በቀጣዩ ዓመት ሕርቃል በሕግ አዲስ የብር ሳንቲም አወጣ። እስከዚያ ድረስ በምሥራቁ ግዛት ዋናው መገበያያ ወርቅና መዳብ ሲሆን፣ ብር በብዛት የሚቀረጸው ለበዓላት ስጦታ ነበር። አዲሱ ሳንቲም ስድስት ግራማ፣ ማለትም የሮማ ፓውንድ 1/48ኛ ስለሚመዝን ሄክሳግራም ተባለ። በአንድ ገጹ ሕርቃልና ልጁ ቆስጠንጢኖስ በዙፋን ተቀምጠው ይታያሉ፤ በሌላው ገጹ መስቀል በደረጃዎች ላይ ቆሞ፣ በላቲን የተጻፈው ጽሑፍ እግዚአብሔር ሮማውያንን እንዲረዳ ይለምናል። የመንግሥት ክፍያም በዚሁ ብር ሆነ፤ መጠኑ ግን ከቀድሞው በግማሽ ተቀነሰ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። የግብፅ እህል በመቅረቱ በ618 የዋና ከተማዋ የነፃ ዳቦ እደላ ተቋረጠ። ለ622ቱ ዘመቻ ሕርቃል የአብያተ ክርስቲያናትን ሀብት በብድር ወሰደ፤ የታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን መቅረዞችና ንዋያተ ቅድሳት ቀልጠው የወርቅና የብር ገንዘብ ሆኑ። ፓትርያርክ ሰርግዮስም ከንጉሡ ጎን ቆመ። በዚህ ገንዘብ የተደራጀው ሠራዊት በ627 በነነዌ አቅራቢያ ድል አደረገ፤ መስቀሉም በ630 ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ሕርቃል ለታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን ከግምጃ ቤቱ ዓመታዊ ክፍያ መደበ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ጾመ ሕርቃል መባሉ የዚህን ዘመቻ ትዝታ ያቆያል።

ድሉ ግን አልዘለቀም። በ636 ሠራዊቱ በያርሙክ በዐረቦች ተሸነፈ፤ ሶርያና ፍልስጥኤም ከእጁ ወጡ፤ እርሱም በ641 ሞተ። ሄክሳግራም በልጅ ልጁ በኮንስታንስ 2ኛ ዘመን በስፋት መቀረጹን ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ የበዓል ገንዘብ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሳንቲሙ የብልጽግና ምልክት ሳይሆን፣ በደመወዝ ቅነሳና በተቀደሰ ንብረት የተገዛ የህልውና ዋጋ ማስረጃ ነው።